በጥሬው የሚበላ በቆልት፦ የእህሉ አመራረጥና አበቃቀሉ

እህል ዘፍዝፎ ማብቀል በአገራችን የኖረ ሙያ ነው። ጠላ የምትጠምቅ እናት ሁሉ ገብሱን ወይም ስንዴውን አብቅላ ብቅል ማውጣት ታውቃለች፤ በጾም ወራትም የባቄላና የአተር በቆልት ተቀቅሎ፣ ጨውና ሚጥሚጣ ተነስንሶበት በብዙ ቤት ይቀርባል። አዲስ የሆነው ይህንኑ በቆልት እሳት ሳያሳዩ መብላት ነው። አዳማ ውስጥም በጾም፣ በስኳር ሕመም ወይም ክብደት ለመቀነስ ሲሉ የበቀለ ምስር በሰላጣ መልክ፣ የበቀለ ስንዴ ደግሞ ከሙዝ ጋር ፈጭተው መመገብ የጀመሩ ሰዎች አሉ። ይህ ማብራሪያ የተጻፈው ለእነርሱና ለመጀመር ለሚያስቡ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ልብ ሊባል የሚገባው በነባሩ አሠራር በቆልቱ እንደሚቀቀል፣ ብቅሉም ደርቆና ተፈጭቶ በጥንስስ ውስጥ እንደሚያልፍ ነው። በእህሉ ላይ የነበረውን ተህዋስና አንዳንዱንም መርዛማ ንጥረ ነገር ሲያጠፋልን የኖረው እሳቱና ጥንስሱ ነው። በጥሬው ለመብላት የወሰነ ሰው ይህን መከላከያ በፈቃዱ ስለተወ፣ ጥንቃቄው ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ እህሉ በሚመረጥበት፣ በሚገዛበትና በሚለቀምበት ሰዓት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከማብቀሉ ይልቅ በገበያው ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

በፍሬው ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ምርጫውን ያቀላል። የደረቀ የስንዴ ፍሬ በአንድ ጫፉ ላይ ትንሽ ሽል ይዟል፤ የቀረው አካሉ ሽሉ አድጎ ራሱን እስኪችል ድረስ የሚመገበው ስንቅ ነው። ፍሬው ውሃ ሲጠጣ ሽሉ ይነቃና ጅብረሊን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ ይህ ሆርሞን ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ስስ ሽፋን ሲያገኝ አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም እንዲወጣ ያደርጋል፤ ኢንዛይሙም የተከማቸውን ስታርች እየሰባበረ ወደ ስኳርነት ይለውጠዋል። ብቅል ሲያኝኩት የሚጣፍጠው በዚህ ምክንያት ነው። በተመሳሳይ ጊዜ ፋይቴዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይም ፋይቲክ አሲድን ማፍረስ ይጀምራል። ፋይቲክ አሲድ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ በብዛት የሚገኝ፣ ብረትንና ዚንክን አጥብቆ ይዞ ሰውነታችን እንዳይወስዳቸው የሚያደርግ ንጥረ ነገር በመሆኑ፣ መቀነሱ በተለይ ሥጋ ለማይበላ ወይም ረጅም ጾም ለሚጾም ሰው ትልቅ ጥቅም ነው። የጤፍ ሊጥ ሲቦካም ይኸው አሲድ ይቀንሳል። ከዚህ ሌላ በደረቅ እህል ውስጥ ከሞላ ጎደል የሌለው ቫይታሚን ሲ በመብቀል ሂደት ውስጥ በተወሰነ መጠን ይፈጠራል።

ጥሬ ምግብን የሚያወድሱ ሰዎች ዘወትር የሚያነሡት የ«ሕያው ኢንዛይም» ጉዳይ ግን ሊታረም ይገባዋል። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፤ ጨጓራችን ውስጥ ሲገባ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል እንጂ በሰውነታችን ውስጥ ሥራውን አይቀጥልም። ጠቃሚው ሥራ የሚከናወነው ገና ሳንበላው በፍሬው ውስጥ ነው። ከዚህ የሚከተለው ቁም ነገር፣ በቆልቱን ለጥቂት ደቂቃ ቀቅሎ የሚበላ ሰው የተወሰነ ቫይታሚን ሲ ቢያጣም በመብቀሉ የተገኘውን ዋና ጥቅም አያጣም። ይህን ደጋግሜ ማንሣቴ አይቀርም፤ ምክንያቱም አንዳንዱ ጥራጥሬ በምንም መንገድ በጥሬው መበላት ስለሌለበት፣ እርሱን መቀቀል እንደ ሽንፈት መታየት የለበትም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰውም የበቀለ ስንዴ ስታርቹ በከፊል ወደ ስኳር የተለወጠ ስንዴ መሆኑን አውቆ እንደ ማንኛውም የእህል ምግብ መጠኑን መቁጠር ይኖርበታል። ግሉተን የተባለው የእህል ፕሮቲን የማይስማማው ሰው ደግሞ ስንዴና ገብስ በመብቀላቸው ግሉተናቸው እንደማይጠፋ ሊያውቅ ይገባል።

አዳማ ለዚህ ሥራ የተመቸች ከተማ ናት። የአርሲ ስንዴና ገብስ፣ የምንጃርና የአድአ ጤፍ፣ ሽምብራና ምስር፣ በዙሪያዋ ባለው ስምጥ ሸለቆ የሚመረተው ቦሎቄ ሁሉ በቅርብ ይገኛሉ። ይሁን እንጂ በእህል ተራ ከተደረደረው ጆንያ ውስጥ ለዚህ ዓላማ የሚሆነው ጥቂቱ ነው። መጀመሪያ ፍሬው ሕይወት ያለው መሆን አለበት፤ ክክ፣ ሽርክት፣ ፍትግና የተቆላ እህል ሽሉ ስለተጎዳ ወይም ስለሞተ ይበሰብሳል እንጂ አይበቅልም። ምስር ሲገዛ ቀዩን ክክ ሳይሆን ቡናማ ቅርፊቱ ያልተነካውን ድፍን ምስር መጠየቅ ያስፈልጋል። ገብስ ገለባው ከፍሬው ጋር የተጣበቀ በመሆኑ ሳይፈተግ ቢበቅል ለጥርስና ለጉሮሮ አይመችም፤ ከተፈተገ ደግሞ አይበቅልም፤ ስለዚህ ለብቅል መተዉ ይሻላል። ጤፍ መብቀሉን ይበቅላል፤ ግን ከወንፊት ስለሚያመልጥና እርስ በርሱ እየተጣበቀ በደንብ ስለማይለቀለቅ በጥሬው ለመብላት አልመክረውም። ተልባም ውሃ ሲነካው ስለሚዝለገለግ በዚህ መንገድ አይያዝም። የሚቀሩት ስንዴ፣ ድፍን ምስር፣ ማሾ፣ ሽምብራና አብሽ ናቸው፤ ለጀማሪ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ምስርና ማሾ ይቀላሉ።

ገበያ ላይ የሚፈጸም አንድ አደገኛ አለመግባባት አለ። ነጋዴዋ «ለዘር ነው ለቀለብ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ገዢው «ለማብቀል» ብሎ ከመለሰ የሚሰጠው ለእርሻ የተዘጋጀ ዘር ሊሆን ይችላል። ምርጥ ዘር ብዙ ጊዜ በፀረ ሻጋታና በፀረ ተባይ መድኃኒት ይታሻል፤ ለምግብ እንዳይውል ምልክት እንዲሆንም ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም ይነከራል። ይህ ዘር ታጥቦም፣ በቅሎም፣ ተቀቅሎም አይበላም። ስለዚህ መልሱ ሁልጊዜ «ለቀለብ ነው፤ ድፍኑን ስጪኝ» መሆን አለበት። በተለይ ከእርሻ ግብዓት መሸጫ የተገዛ ወይም ቀለም የነካው ማንኛውም ፍሬ ወደ ማዕድ ቤት መግባት የለበትም።

ቀጥሎ የሚመጣው የነቀዝ መድኃኒት ጉዳይ ነው። እህል ለወራት መጋዘን ውስጥ ሲቀመጥ ነቀዝ እንዳይበላው ወይ ጋዝ የሚለቅ ክኒን ይደረግበታል፣ ወይም የሚነሰነስ ዱቄት መሳይ መድኃኒት ይቀላቀልበታል። ክኒኑ የሚለቀው ፎስፊን የተባለ ጋዝ እህሉ በደንብ ሲናፈስ አብዛኛው ይወጣል፤ የሚነሰነሰው ዱቄት ግን ቅርፊቱ ላይ ይቆያል። «መድኃኒት አለበት?» ብሎ መጠየቅ ነጋዴን ለመካድ ስለሚጋብዝ፣ «እናቴ፣ ለነቀዝ ምን አድርጋችሁበታል? መቼ ነው የገባው?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል። ከመልሱም በላይ እጅን እስከ ክንድ ድረስ ወደ ጆንያው ሰድዶ ከሥሩ እፍኝ ማውጣትና ማሽተት ይጠቅማል። የነጭ ሽንኩርት ወይም የተበላሸ ዓሣ የሚመስል ሽታ ጋዙ ገና አለመውጣቱን፣ የእርጥብ ምድር ቤት ሽታ ደግሞ ሻጋታ መግባቱን ያመለክታል። መዳፍ ላይ ግራጫ ወይም ነጭ ብናኝ ከቀረም ከዚያ ጆንያ አለመግዛት ነው። በደንብ የደረቀ ስንዴ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ የሚለመጥ ከሆነ እርጥበት አለው። ሻጋታ የሚያመነጫቸው እንደ አፍላቶክሲን ያሉ መርዞች በመታጠብም በመብቀልም አይወገዱም፤ ተራ ማብሰልም አያጠፋቸውም። ስለዚህ የሻገተ እህልን በርካሽ ገዝቶ ለማዳን መሞከር ዋጋ የለውም።

አዲስ ምርት ይሻላል ሲባል ጥቂት መታገሥም ይገባል። ልክ ከአውድማ የወጣ ስንዴ ለተወሰኑ ሳምንታት ያለ መብቀል ባሕርይ ሊኖረው ስለሚችል፣ አዲስ ሆኖ ሳለ አልበቅል ማለቱ ሞቷል ማለት አይደለም። በሌላ በኩል ዓመታት የቆየ እህል ብዙው ፍሬ የሞተ ነው፤ በሕይወት ባሉት መካከል ያለው ሙት ፍሬ ደግሞ በእርጥበቱ በስብሶ ሌላውን ያበላሻል። ስለሆነም ብዙ ከመግዛት በፊት ሩብ ኪሎ ብቻ ገዝቶ መሞከር ተገቢ ነው። 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጨርቁ እንዳይደርቅ እያረጠቡ ሦስት ቀን ማቆየትና የበቀለውን መቁጠር ነው። 90 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ እህሉ መልካም ነው፤ ከ80 በታች ከሆነ ለንፍሮ ወይም ለወጥ ይውል እንጂ በጥሬው ለመብላት አይሁን።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። ቦሎቄ በአዳማ ዙሪያ በብዛት ስለሚመረትና ዋጋውም ስለሚመች ሰው ሊያበቅለው መሞከሩ አይቀርም፤ ነገር ግን በጥሬው ፈጽሞ አይበላም። በተለይ ቀዩ ቦሎቄ ውስጥ ያለው ፋይቶሄማግሉቲኒን የተባለ ፕሮቲን ጥቂት ጥሬ ፍሬዎች ብቻ የበላን ሰው በሰዓታት ውስጥ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ላይ ይጥለዋል፤ ማብቀልም አስተማማኝ ሆኖ አያስወግደውም። ቦሎቄ አዳሩን ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 30 ደቂቃ እየተንተከተከ መፍላት አለበት። የሚበቅል ማሽላም እንደዚሁ ነው። በሚበቅልበት ጊዜ በቡቃያውና በሥሩ ውስጥ ዱሪን የሚባል ንጥረ ነገር ይከማቻል፤ ይህም ሲታኘክ ወይም ሲፈጭ ሳያናይድ የተባለ ገዳይ መርዝ ይለቃል። ከበቀለ ማሽላ ምግብና መጠጥ የሚያዘጋጁ ሰዎች ፍሬውን አድርቀው፣ ሥሩንና ቡቃያውን አራግፈው፣ ከዚያም በእሳት የሚያሳልፉት ለዚህ ነው። በጥሬ ምግብ ላይ የተጻፉ የውጭ መመሪያዎች ስለ ስንዴና ስለ ማሾ ሲያስተምሩ ማሽላን ላያነሡ ስለሚችሉ፣ በእኛ አገር ይህ ማስጠንቀቂያ በግልጽ መነገር አለበት።

ጓያም አለ። ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲበላ እግርን ሽባ የሚያደርገው መርዝ በመብቀል አይጠፋም፤ ጓያውም ከሽምብራና ከአተር ጋር ተቀላቅሎ ሊገኝ ይችላል። ፍሬው ማዕዘን ያለው፣ በአንድ ወገን ጠፍጠፍ ያለና እንደ መጥረቢያ ስለት የሾለ በመሆኑ በለቀማ ጊዜ ይለያል። ባቄላ ደግሞ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በትውልድ ለሚያንሳቸው ሰዎች ቀይ የደም ሕዋስን የሚያፈርስ ሕመም ስለሚያስከትል እነርሱ ጥሬውንም የበሰለውንም መተው አለባቸው፤ ሌላው ሰው እንደ ቀድሞው ቀቅሎ ይብላው። ሽምብራ በጥሬው የተከለከለ አይደለም፤ ነገር ግን ሆድ ይነፋል፤ እኔ አምስት ደቂቃ ያህል ቢፈላ እመርጣለሁ።

ለቀማው በስፌድ ላይ ብቻ ተበጥሮ የሚያልቅ አይደለም። ነጭ ጨርቅ በብርሃን ላይ ዘርግቶ እፍኝ እፍኝ እያደረጉ ማየት ያስፈልጋል። ስንዴ ውስጥ እንክርዳድ ይኖራል፤ ቀጠን ያለ፣ ከስንዴው ያነሰና ግራጫማ ነው፤ ራስን ማዞሩና ማስከሩ ከጥንት ይታወቃል። ከእርሱ የባሰው የአስተናግር ፍሬ ነው፤ ትንሽ፣ ጠፍጣፋ፣ ኩላሊት መሳይና ጠቆር ያለ ሲሆን ጥቂቱም ቢሆን ልብን የሚያስደነግጥና የሚያስቃዥ መርዝ ይዟል። ጠጠሩ፣ የተሰበረው፣ ነቀዝ የበሳውና ቀለሙ የተለወጠው ፍሬ ሁሉ አብሮ ይወጣል። የተሰበረ ፍሬ ቢተው ምን አለበት የሚል ሰው፣ በስንጥቁ ውስጥ የተደበቀ ባክቴሪያ በምንም እጥበት እንደማይደረስበት ይወቅ።

እህሉ እንዲህ ከተመረጠ በኋላ ማብቀሉ ቀላል ነው። ምስር ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት፣ ስንዴና ማሾ ከስምንት እስከ 12 ሰዓት፣ ሽምብራ ሌሊቱን ሙሉ ይዘፈዘፋል። ውሃው ለመጠጥ የሚሆን መሆን አለበት፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም ውሃ አጋር በተባለው የውሃ ማከሚያ እንደ መመሪያው የታከመ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያም ዘፍዛፊው ውሃ ሙሉ በሙሉ ተደፍቶ፣ እህሉ ተለቅልቆ፣ አፉ ሰፊ በሆነ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ይደረግና አፉ በንጹሕ ሻሽና በላስቲክ ይታሰራል፤ ዕቃው የቀረው ውሃ እየተንጠፈጠፈ እንዲወጣ አዘቅዝቆ ይቀመጣል። ለብቅል የምንጠቀምበት የኮባ ቅጠል ከአፈር የመጣ ተህዋስ ስለሚይዝ ለጥሬ አይሆንም። ፍሬው እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ ውስጥ አይዋኝ፤ ውሃ የተኛበት በቆልት አየር አጥቶ ይሸታል።

አዳማ በበጋው ቀትር ላይ ወደ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለምትሞቅ፣ በቀዝቃዛ አገር በቀን ሁለት ጊዜ ይለቅለቅ የሚለው ምክር እዚህ አይበቃም፤ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ማድረግ፣ ዕቃውንም ከማዕድ ቤትና ከፍሪጅ ላይ አርቆ ጥላ ባለበት ክፍል በሲሚንቶ ወለል ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። በክረምት ሙቀቱ ቢቀንስም እርጥበቱ ስለሚበዛ የሻጋታ ክትትሉ መላላት የለበትም።

ድፍን ምስር ከተዘፈዘፈ በኋላ በመጀመሪያው ጠዋት አብጦ፣ ቅርፊቱ ተወጥሮ ይገኛል። በማታው ከጠርዙ አንድ ነጭ ነጥብ ትወጣለች፤ በሁለተኛው ቀን ነጥቧ ጎበጥ ያለች ጅራት ትሆናለች፤ ጅራቷ የፍሬውን ስፋት ያህል ስትደርስ ለመብላት ደርሷል። ስንዴ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቀጫጭን ሥሮች አስቀድሞ ያወጣል፤ ሥሩ የፍሬውን ርዝመት ሳያልፍ፣ ከአንድ ቀን ተኩል እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ቢነሣ ጣዕሙ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ሣር ሣር ይላል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው በሥሩ ዙሪያ ነጭ ጸጉር አይቶ ሻገተ ብሎ ይጥላል። በሥሩ ዙሪያ ብቻ እኩል ሆኖ የበቀለ፣ ሲለቀለቅም ከሥሩ ጋር ተጣብቆ የሚጠፋ ጸጉር የሥር ጸጉር ነው፤ ምንም ጉዳት የለውም። ሻጋታ ግን ከፍሬ ወደ ፍሬ እንደ ድር ይያያዛል፣ ሽታም አለው፤ እርሱ ከታየ የተበላሸውን ብቻ መርጦ ማውጣት ሳይሆን ሁሉንም መድፋት ነው።

ለዓይን የማይታየው አደጋ ግን ከሻጋታው ይብሳል። ለማብቀል የሚመቸው ሙቀትና እርጥበት ለሳልሞኔላና ለኢ. ኮላይ ባክቴሪያም የሚመች በመሆኑ፣ በደረቁ ፍሬ ላይ የነበሩ ጥቂት ባክቴሪያዎች በሁለት ቀን ውስጥ እጅግ ይራባሉ፤ በቆልቱም መልኩ፣ ሽታውና ጣዕሙ ሳይለወጥ ሊያሳምም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጀርመን በተከሰተው የኢ. ኮላይ ወረርሽኝ ወደ 4000 የሚጠጉ ሰዎች ታመው ከ50 በላይ ሞተዋል፤ ምርመራው ያመለከተው ከግብፅ ከገባ የአብሽ ዘር ወደ በቀለ በቆልት ነው። የታመሙት በንጹሕ ማዕድ ቤት የሚመገቡ ሰዎች ነበሩ፤ ብክለቱ የመጣው ከዘሩ ጋር ነውና። በሎሚ ወይም በአቼቶ ማጠብ የባክቴሪያውን ቁጥር ሊቀንስ ቢችልም አስተማማኝ አይደለም። በዚህ ምክንያት ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ እንዲሁም በኤችአይቪ፣ በካንሰር ሕክምና ወይም በሌላ ሕመም የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ማንኛውንም በቆልት አብስለው ብቻ ይብሉ። ጤነኛ ጎልማሳ በጥሬው ሲበላ አደጋውን አውቆ የሚወስደው የራሱ ውሳኔ ነው፤ ለእንግዳ ግን ጥሬ መሆኑን ሳይናገር ማቅረብ ተገቢ አይደለም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ሁለት ሦስት ማንኪያ ይበቃዋል። የበቀለው ምስር ለመጨረሻ ጊዜ ተለቅልቆና ደርቆ፣ በደቃቁ ከተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ጋር ተቀላቅሎ፣ ሎሚ፣ ጨውና ጥቂት ዘይት ሲጨመርበት በእንጀራም ያለ እንጀራም ይበላል፤ ሎሚው ያለውን ብረት ሰውነት በተሻለ እንዲወስደው ይረዳል። የበቀለ ስንዴ ከበሰለ ሙዝ ወይም ከቴምር ጋር በመፍጫ ተፈጭቶ ወፍራም ገንፎ መሳይ ይወጣዋል፤ ተፈጭቶ ሳይቆይ በዚያው ሰዓት መበላት አለበት። የተፈጨውን በቂጣ መልክ በፀሐይ የማድረቅ ዘዴ በጥሬ ምግብ ወዳጆች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን እርጥቡ ሊጥ ለብ ባለ ሙቀት ብዙ ሰዓት ስለሚቆይ ከሁሉ ይልቅ ባክቴሪያ የሚራባበት አሠራር ይህ ነው። ቂጣ የሚፈልግ ሰው በምጣድ ቢጋግረው እመክራለሁ።

የተረፈው በቆልት ውሃው በደንብ ተንጠፍጥፎ፣ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ከጥሬ ሥጋ ርቆ ፍሪጅ ውስጥ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። መብራት ለ4 ሰዓት ያህል ጠፍቶ ፍሪጁ ቅዝቃዜውን ካጣ ግን በጥሬው መብላቱ ይቅርና ወዲያውኑ ተቀቅሎ ለንፍሮ ይዋል፤ ተዝለግልጎ ወይም ሽታው ተለውጦ ከተገኘ ደግሞ ሳይቀመስ ይደፋ።